የሐዲድ መቀየሪያ መቀርቀሪያ፦ ጎንደር ላይ የሚባለውና እውነቱ

ጎንደር ሐዲድ የላትም፤ ስለ ባቡር አስተያየት የሌለው ጎንደሬ ግን ማግኘት ይከብዳል። ከወልድያ ተነሥቶ በወረታና በጎንደር አድርጎ ወደ መተማ የሚወርድ መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ስሙ ከተነሣ ወዲህ፣ ፒያሳ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ መሐንዲስ ነው። ባቡር መስመር ስቶ የሚገለበጥበት ተንቀሳቃሽ ምስል በስልክ በዞረ ቁጥር ደግሞ ፍርዱ ፈጣን ነው፦ «ሐዲድ ቀያሪው ቁልፉን ረስቶት ነው»። ስለዚህች «ቁልፍ»፣ ማለትም የሐዲድ መቀየሪያውን ማንሻ ስለሚይዘው መቀርቀሪያና ስለ ጓጉንቸሩ፣ የሚባለው አብዛኛው ነገር ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩ። ባቡር እንደ መኪና መሪ የለውም። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግሩት በመገንጠያው፣ ማለትም አንዱ ሐዲድ ከሌላው በሚለይበት ቦታ፣ ላይ የሚንሸራተቱ፣ ጫፋቸው የሾለ ሁለት የሐዲድ ምላሶች ናቸው። በእጅ በሚሠራ መገንጠያ ከሐዲዱ ጎን ማንሻ አለ። ማንሻው ወዲህና ወዲያ ሲጋደም ምላሶቹን በብረት ዘንግ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳቸዋል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዓይነት በግራና በቀኙ አንዳንድ መቀርቀሪያ አለው። ሠራተኛው በእግሩ ሲረግጠው ጥርሱ ከማንሻው ላይ ይነሣል፤ ማንሻውን ቀና አድርጎ ወደ ሌላው ወገን ሲያጋድመው የዚያኛው ጥርስ ከላይ ይይዘዋል። በመጨረሻ በመቀርቀሪያው ቀዳዳ ጓጉንቸር ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው።

«መቀርቀሪያው ከያዘ ሐዲዱ ተቆልፏል»

መቀርቀሪያው የሚይዘው ማንሻውን ነው፤ ምላሱን አይደለም። በሁለቱ መካከል ዘንግ፣ ክንድ፣ ፒን፣ ብሎንና ዳዶ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከወለቀ፣ ማንሻው እንደ ተቀረቀረ ምላሱ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

አንዲት የጠጠር ፍንካች በምላሱና በዋናው ሐዲድ መካከል ገባች እንበል። ሠራተኛው ማንሻውን ሲያጋድም እንደ ወትሮው አይወርድለትም። ክብደቱን ጥሎ ይጫነዋል። ረጅሙ ዘንግ ጥቂት ይለመጣል፣ ፒኖቹ ያላቸውን ክፍተት ሁሉ ይለቃሉ፣ መቀርቀሪያውም «ቀጭ» ብሎ ይይዛል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁሉም በቦታው ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ግን ምላሱ ከሐዲዱ ጋር አልተጣበቀም፤ የመንኮራኩሩ ከንፈር (ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ወጣ ያለ ጠርዝ) የሚፈልጋት ክፍተት ተዘጋጅታለች። ማንሻ ሲከብድ መፈለግ ያለበት ጉልበተኛ ሰው አይደለም፤ ወይ ጠጠር ገብቷል፣ ወይ ምላሱ የሚንሸራተትበት ሰሌዳ ላይ ግራሶው ደርቋል፣ ወይ ዘንጉ ጎብጧል። «ጎበዝ ከሆነ በአንድ ምት ያስገባዋል» የሚለው አድናቆት ከዚህ ሥራ ቢርቅ ደስ ይለኛል።

በዚህ የተነሣ ተሳፋሪ በሚመላለስበት መስመር ላይ ምላሶቹን ራሳቸውን የሚይዝ ሌላ መቆለፊያ ይጨመራል፦ ሁለቱን ምላሶች በሚያያይዘው አግዳሚ ዘንግ ላይ ወደ ተበሳ ቀዳዳ የሚገባ ብረት። በብሪታንያ ይህ ሲፈተሽ፣ በምላሱና በሐዲዱ መካከል 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መለኪያ ተደርጎ ብረቱ እንዳይገባ ይጠበቃል፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ግን መግባት አለበት። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

እሱም ቢሆን በዳዶ ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2002 በእንግሊዝ ፖተርስ ባር በተባለው ጣቢያ አጠገብ ምላሶቹን የሚያያይዙት ዘንጎች ዳዶዎቻቸው ወልቀው ስለ ነበር፣ መገንጠያው ባቡሩ በላዩ እያለፈ ሳለ ተንቀሳቀሰ። 7 ሰዎች ሞቱ።

«ጓጉንቸር ካለበት በትክክለኛው መስመር ላይ ነው»

የተከፈተን በር ከግድግዳው ጋር ብትቀረቅረው ክፍት ሆኖ ይጠበቅልሃል እንጂ አይዘጋልህም። ጓጉንቸሩ ስሕተቱንም በዚያው ጥንካሬ ያጸናል።

ለዚህ ማስረጃው እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2018 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ኬይሲ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። አንድ የጭነት ባቡር ወደ ጎን መስመር ገብቶ ቆሟል፤ መገንጠያው ግን ወደ ዋናው መስመር አልተመለሰም። ማንሻው ወደ ጎን መስመሩ እንደ ዞረ ተቆልፎ ተገኘ። በዚያ ሌሊት ምልክት መብራቶቹ ለሥራ ተቋርጠው ስለ ነበር የመንገደኛውን ባቡር ነጂ የሚያስጠነቅቅ ነገር አልነበረም። ባቡሩ ወደ ጎን መስመሩ ገብቶ ከቆመው ጋር ተጋጨ፤ የባቡሩ ነጂና የሥራ ባልደረባው ሞቱ። ቁልፉ አልተሰበረም፣ መቀርቀሪያው አልላላም። ሁለቱም የታዘዙትን ፈጽመዋል።

በዚያው ግዛት ግራኒትቪል ላይ እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2005 የሆነውም ዘሩ አንድ ነው። ሠራተኞች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ መገንጠያውን ሳይመልሱ ቀሩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመጣው የጭነት ባቡር ከቆመው ጋር ተጋጭቶ ክሎሪን የጫነ ታንከር ተቀደደ፤ 9 ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት መገንጠያው የት እንደ ቆመ እንዲያረጋግጥና ከባልደረቦቹ ጋር እንዲነጋገር የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። መድኃኒቱ የበለጠ ጠንካራ ጓጉንቸር አልነበረም፤ እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ዝም ይላሉ።

«ጓጉንቸሩ ለሌባ ነው»

በከፊል። ሥልጣን የሌለው ሰው እንዳይነካው ይከለክላል። ነገር ግን በብዙ የባቡር ድርጅቶች የመገንጠያ ጓጉንቸሮች በሙሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይከፈታሉ፤ ቁልፉም በእያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ ነው። ዋናው ጥቅሙ ማንሻው በንዝረት ወይም በቸልታ ከቦታው እንዳይነሣ ማድረጉ ነው።

«ባቡር ከባድ ስለሆነ መቀርቀሪያውን ጥሶ ያልፋል፣ ምንም አይሆንም»

ወደ ምላሶቹ ጫፍ የሚመጣ ባቡርና ከጀርባቸው የሚመጣ ባቡር አንድ አይደሉም። ከጀርባ የመጣው፣ መገንጠያው ለሌላ መስመር ቢቆምም፣ ምላሶቹን በመንኮራኩሩ ፈልቅቆ ሊያልፍ ይችላል። በሞላ የሚመለስና ለዚህ ተብሎ የተሠራ መገንጠያም አለ። ተራው መገንጠያ ግን ተቆልፎ ሳለ ሲጣስ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ፒኑ ይቆረጣል። ባቡሩ በሰላም አለፈ ብለው ደስ ሲላቸው ነጂው ወደ ኋላ ከመለሰ፣ አሁን ወደ ምላሶቹ ጫፍ የሚመጣው እሱ ነው፤ ምላሶቹም ወዴት እንደ ቆሙ አይታወቅም።

«በጣቢያው ክፍል ያለው ማንሻ ላይ ያለችው ትንሿ እጀታ ለመያዣ ብቻ ናት»

ማንሻዎች በረድፍ ተደርድረው በሽቦና በዘንግ ከሩቅ መገንጠያዎችን በሚያዙበት ክፍል፣ ከእያንዳንዱ ማንሻ ጀርባ ተጨብጣ የምትነሣ እጀታ አለች። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ማንሻዎች እርስ በርሳቸው እንዲከለካከሉ የሚያደርግ አሠራር በስሙ አስመዘገበ። በኋላ ከሳክስቢ ድርጅት በወጣው ዓይነት ክልከላውን የምታንቀሳቅሰው እጀታዋ ራሷ ናት፦ ሠራተኛው ገና ሲጨብጣት፣ ማንሻው ሳይነቃነቅ፣ ከእሱ ጋር የሚጋጩት ማንሻዎች ሁሉ ይታሰራሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ብረት የምወደው ይህን ነው።

«ኤሌክትሪክ ስለ መጣ ይህ ሁሉ አልፎበታል»

በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው፣ የ1 ሜትር ስፋት የነበረው የጅቡቲ ሐዲድ ዛሬ በኤሌክትሪክ በሚሠራ መስመር ተተክቷል። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ በጭነት ግቢዎችና በጥገና ቦታዎች የእጅ ማንሻ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ መገንጠያውን በሚያንቀሳቅሰው ሞተር ውስጥም የሚቆልፈው ብረት እንጂ የኤሌክትሪክ ጅረቱ አይደለም። ሞተሩ ሲበላሽ ደግሞ ሠራተኛ ወርዶ በእጅ ያዞረዋል፤ ምላሱን ከሐዲዱ ጋር በማያያዣ አጥብቆ ጓጉንቸር ያደርግበታል።

«ይህማ አዘዞ ያለ ብየዳ ቤት ይሠራዋል»

ይህን ያለኝ ዕድሜውን በቶርኖ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። የማንሻውንና የመቀርቀሪያውን ሥዕል አገላብጦ አየና «ልጄ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም» አለ። «ጋሼ፣ መሥራቱንስ ይሠሩታል፤ ፒኑ ሲበላ ማን ይለካዋል?» አልኩት። ቅርጹን እንደሚያወጣው አልጠራጠርም። ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። ከማንሻው እስከ ምላሱ ስድስት ፒኖች ቢኖሩና እያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላላ፣ ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንደ ክንዶቹ ርዝመት ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት የመለኪያ ወሰን 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውየው ጥቂት አሰበና ብረቱን ትቶ ስለ ቀዳዳዎቹ ጠየቀኝ፦ በምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ፣ ቀለበት እየገባባቸው ይታደሱ እንደሆነ፣ ግራሶውን የሚቀባው ሰውና የሚለካው ሰው አንድ እንደሆነ።