እርሾ መዋዋስ በጎጃም

እርሾ ካለፈው ሊጥ ተርፎ የሚቀጥለውን የሚያቦካ ቢጫማ ፈሳሽ ወይም የሊጥ ቅሪት ነው። ጎጃም ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ አያጣውም። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ወደ ምዕራቡ ጤፍ ከዳጉሳ ጋር ይቀላቀላል፤ ወደ ጮቄ ደጋ ሲወጣ ገብስ ይበዛል። እህሉ ይለያይ እንጂ እርሾ ያለቀባት ሴት ሁሉም ጋ የምታደርገው አንድ ነው፤ ኩባያ ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች።

«እትዬ፣ እርሾ ይኖርዎታል?» ከተባለ የለኝም የሚል እምብዛም አይገኝም። ወንፈል፣ ማለትም ገበሬዎች በተራ የሚረዳዱበት የጉልበት ሥራ፣ ቀን በቀን ይቆጠራል፤ እርሾ ግን ማንም አይቆጥረውም። ደግሞም የሰጠ ይጠቀማል። ለቅሶ ወይም ጠበል ሄዶ የሰነበተ ቤት ሲመለስ እርሾው ተበላሽቶ ይጠብቀዋል። ያኔ የቤቷ እመቤት ቀድሞ እርሾ የሰጠቻት ጎረቤት ጋ ሄዳ የራሷኑ እርሾ መልሳ ትወስዳለች። የማንም እርሾ ለዓመታት የሚዘልቀው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ አንድ ቤት ብቻ የሚኖር እርሾ አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ተቦክቶ ይቀመጣል። ሊጡ ወደ ታች ሲረጋ ከላይ ቢጫ ውሃ ያቆራል፤ እሱ ይቀዳል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ይሆናል። ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፤ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል። የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣው እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፈንገሶች የሚፈጥሩት ጋዝ ነው። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ላክቲክ አሲድ ከሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ይመጣል። መቡካቱ ጤፍ ውስጥ ያለውንና ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ያገኘዋል።

አየሩ ብዙ ይወስናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ማርቆስ ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ ባሕር ዳር በሁለት ቀን ሊደርስ ይችላል። ደጋ ላይ ቡሃቃው ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ ሞቃት ቦታ ጥላ ይፈለግለታል።

ከጋገሩ በኋላ ከቡሃቃው ግርጌ አንድ ኩባያ ያህል ለእርሾ ይተዋል። ቡሃቃውን በሳሙና ፈትገው የማያጥቡ ብዙ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ሊጥም እርሾ ነውና። ቅባት የነካ እጅና ጭልፋ አይገባበትም። ሳይጋገር ከሰነበተ የላይኛው ውሃ ተደፍቶ ንጹሕ ውሃና እፍኝ ዱቄት ይጨመርለታል። ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካወጣ ግን ማዳኑ ቀርቶ ይደፋል።

ለሰንበቴ ወይም ለማኅበር ተራ የደረሳት ሴት ለድፎ ዳቦዋ ከሁሉ በፊት የምታስበው እርሾውን ነው። ብርቱ እርሾ ያለው ትናንት የጋገረች ቤት ስለሆነ እዚያ ትልካለች። ዛሬ ብዙዎች የፋብሪካ እርሾ ይገዛሉ። ቶሎ ያነሳል፣ ጣዕሙ ግን በእንጀራ እርሾ የቦካውን አያህልም።

ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ መዋዋሱ በጓደኛሞች መካከል ቀጥሏል። ቤት ተከራይተው አብረው የሚኖሩ ልጆች በተራ ይጋግራሉ፤ እርሾውን የምትጠብቀው የዛሬዋ ተረኛ ናት። ከእናት ቤት በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ እርሾም አለ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይሞቃል፤ እርሾውም ጋዝ ያበዛል። እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑ የጠበቀ ሃይላንድ እዚያ ቁልቁለት ላይ ያብጥና ክዳኑን ሲነኩት ልብስ ላይ ይረጫል። ግማሽ ድረስ ብቻ ቀድቶ፣ ክዳኑን ላላ አድርጎ፣ አቁሞ በእጅ መያዝ ነው። እንደደረሰ ትንሽ ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ ይሰጠዋል። ሲነቃ ግማሹን ፎቅ ላይ ለምትኖረው ጓደኛ መቅዳት ነው።