አሊ ከታይሰን ቢገጥም ኖሮ፦ ያልተደረጉ የቦክስ ፍልሚያዎችን ስለመገመት

መሐመድ አሊ ከማይክ ታይሰን ቢገጥም ማን ያሸንፍ ነበር? ሁለት የቦክስ ወዳጆች አንድ ላይ ከተቀመጡ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በተለያየ ዘመን የነገሡ ሻምፒዮኖችን በሐሳብ አንድ ሪንግ ውስጥ አስገብቶ ውጤቱን መገመት የቆየ ልማድ ነው። የምናብ ፍልሚያ እንበለው። ሌላውም ስፖርት እንዲህ ያለ ሙግት አያጣም። ቦክስ ላይ ግን ይከርራል፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሰበብ የሚሆን የቡድን ጓደኛ የለማ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከወሬ አልፎ ንግድ የሆነው በ1967 ነው። መሪ ዎሮነር የተባለ የማያሚ የሬዲዮ ሰው የ16 ታላላቅ የከባድ ሚዛን ቦክሰኞችን መረጃ ለኮምፒውተር ሰጠ። ከዚያ የወጣውን ውጤት ልክ የቀጥታ ስርጭት አስመስሎ በሬዲዮ አሰማ። ፍጻሜው ላይ ሮኪ ማርሲያኖ ጃክ ዴምፕሲን አሸነፈ። መሐመድ አሊ ደግሞ ቀደም ብሎ በጂም ጄፍሪስ ተሸንፎ ወጣ። ጄፍሪስ ከ1899 ጀምሮ የነገሠ ሰው ነው። አሊ አልተዋጠለትም። ስሜ ጠፍቷል ብሎ የ1 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ።

ክሱ በስምምነት አለቀ፤ አሊም ከማርሲያኖ ጋር በካሜራ ፊት ሊገጥም ተስማማ። ለቬትናም አልዘምትም በማለቱ ፈቃዱን ተነጥቆ ስለነበር ያን ጊዜ ሥራ አልነበረውም። በ1969 ቀረጻው ሲጀመር ማርሲያኖ 45 ዓመቱ ነበር። ክብደት ቀንሶ፣ ራሰ በራውን በሰው ሠራሽ ፀጉር ሸፍኖ መጣ። 70 ያህል የአንድ ደቂቃ ዙሮች ተቀረጹ። መጨረሻውም በተለያየ መልክ ተሠራ፤ የትኛው እንደሚታይ ቦክሰኞቹ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ማርሲያኖ ሳያውቀውም ቀረ። በዚያው ዓመት ኦገስት 31 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ ጃንዩዋሪ 1970 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። አሊ፣ ኮምፒውተሩ አላባማ የተሠራ ነው ብሎ ቀለደ። አላባማ በዘር መድልዎ የምትታወቅ ግዛት ነበረች፤ ስለዚህ ቀልዱ መራራ ነው።

የኮምፒውተሩ ችግር ግን አላባማ ብቻ አልነበረም። ቦክስ እንደ ሂሳብ አይደመርም። ጆ ፍሬዘር በ1971 አሊን በነጥብ አሸነፈ። በ1973 ጆርጅ ፎርማን ፍሬዘርን ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። በደረጃ ሰንጠረዥ ብናስብ ፎርማን አሊን እንደ ቅጠል ማርገፍ ነበረበት። በ1974 ኪንሻሳ ላይ በ8ኛው ዙር የተዘረረው ግን ፎርማን ነው። ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ወደ ፊት ስለሚገባ ለፎርማን አፐርከት (ከታች ወደ ላይ ለሚሰነዘር ቡጢ) ምቹ ነበር። አሊ ደግሞ ገመዱን ተደግፎ ፎርማን እስኪደክም ጠበቀው። ስለዚህ ገማቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ይበልጣል ብሎ ሳይሆን የማን የፍልሚያ ስልት ለማን ይከብዳል ብሎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «የትኛው?» የሚል ጥያቄ ነው። የትኛው ታይሰን? በ1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ የጨረሰው ወይስ በ1990 ቶኪዮ ላይ በበስተር ዳግላስ የተዘረረው? በመካከላቸው ሁለት ዓመት እንኳ የለም። ሰው የሚወደውን ቦክሰኛ በምርጥ ቀኑ፣ የሚጠላውን በደካማ ቀኑ ያመጣና ከዚያ ተሟጋች ነኝ ይላል። ይሄ ማጭበርበር ነው።

ደንቡም መወሰን አለበት። በድሮው የሻምፒዮና ፍልሚያ 15 ዙር ነበር። ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ በ1982 ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ የቦክስ ድርጅቶቹ አንድ በአንድ ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረጉ። ሦስት ዙር ቀላል አይደለም። ማርሲያኖ በ1952 ቀበቶውን ከጀርሲ ጆ ዋልኮት የወሰደው በነጥብ እየተመራ ቆይቶ በ13ኛው ዙር ዘርሮት ነው። በዛሬው ደንብ ቢሆን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ያ 49 ለ 0 (49 ድል፣ ሽንፈት የለም) የሚባለው ሪከርድም አይኖርም። ክብደትም አለ። ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ክፍል ይመደባል። 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ከሆነው እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪ ፊት ስታቆመው ሙግቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ወደ መነሻችን እንመለስ። የ1966ቱን አሊ እና የ1988ቱን ታይሰን ልውሰድ፤ ደንቡ 15 ዙር ይሁን። ታይሰን ቁመቱ 1.78 ሜትር፣ አሊ 1.91 ነው። አሊ በእጅ ርዝመትም ይበልጠዋል። ነገር ግን አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይወዳል፣ ግራ ሁክም (ከጎን ተጠማዝዞ የሚመጣ የግራ ቡጢ) ያገኘዋል። ሄንሪ ኩፐር በ1963፣ ፍሬዘር በ1971 በዚሁ ጡጫ ጥለውታል። ታይሰን ከሁለቱም ፈጣን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ለአሊ ጭንቅ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ይወድቃል ብዬ አስባለሁ። ግን ይነሳል፣ በሁለቱም ጊዜ ተነስቷልና። ከዚያ ጃቡ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረው ቀጥተኛ ፈጣን ቡጢ) ሥራውን ይጀምራል። ዳግላስ በቶኪዮ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ረጅም ጃብ፣ የማይቆም እግር፣ የማይፈራ ዓይን። የእኔ ግምት አሊ፣ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ዙር፣ ዳኛው አስቁሞት። ደንቡን ወደ አራት ዙር ካሳጠራችሁት ግን ታይሰንን እመርጣለሁ።