«ቼክሜት» ማለት ንጉሡ ሞተ ማለት ነው?

በአራት ኪሎና በፒያሳ ካፌዎች ቼዝ ከሚከታተሉት መካከል «ቼክሜት ማለት ንጉሡ ሞተ ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ቃሉ የመጣው ከፋርስኛው «ሻህ ማት» ነው፤ «ሻህ» ንጉሥ ነው። «ማት»ን ግን ብዙዎች ከዐረብኛው «ማተ» ጋር ያገናኙታል፤ እሱም የእኛው «ሞተ» የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ለጆሯችን ወዲያው ይገባል። በፋርስኛ «ማት» መውጫ ያጣ፣ የሚያደርገው የጠፋበት ማለት ነው። ከጨዋታው ሕግ ጋር የሚገጥመውም ይኸኛው ይመስለኛል፤ በቼዝ ንጉሥ አይገደልም፣ አይበላምም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ንጉሡ ቼክ ተብሏል፣ ማለትም የተቃራኒ ጠጠር አነጣጥሮበታል፤ የሚሸሽበት ካሬ የለም፤ አጥቂውን መብላት አይቻልም፤ በመሃል የሚገባ መከታም የለም። ይህ ሁሉ ሲዘጋ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ጀማሪዎችን በጣም የሚያሳስተው ሌላ ነው። ተረኛው ተጫዋች ንጉሡ ቼክ ሳይባል ሕጋዊ እንቅስቃሴ ካጣ ማት አይደለም፤ አቻ ነው። በንግሥት እየበለጠ በችኮላ ድሉን የሚያጣ ብዙ ነውና እባካችሁ፣ የመጨረሻውን ጠጠር ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ቼክ መኖሩን አረጋግጡ።

በአገራችን ድሮ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የተባለው የቼዝ ዓይነትም ስሙን ያገኘው ከዚያው መስመር፣ ከቼዝ የዐረብኛ ስም ከ«ሸጥረንጅ» ነው። በእሱ ደስ የሚለኝ ሥርዓት አለ፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በደካማ ጠጠሮች የተሰጠ ማትም በጠንካሮቹ ከተሰጠው ይልቅ ይከበር ነበር።