ለዲፕሎማሲ ጉዳይ ቀን ሲቆረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ቀናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የሕዝብ በዓላትን ዝርዝር ካየን ይበቃል።»
አይበቃም። ዝርዝሩ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበትን ቀን እንጂ አገር የሚቆጭበትን ቀን አይነግርም። ባራክ ኦባማ በፖላንድና በቼክ ሪፐብሊክ ሊተከል የታሰበውን የሚሳኤል መከላከያ መሰረዛቸውን ያስታወቁት ሴፕቴምበር 17 ቀን 2009 ነው። ሶቪየት ኅብረት ፖላንድን ከምሥራቅ የወረረችው ደግሞ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1939፤ ልክ 70 ዓመት። ሞስኮ ዕቅዱን አጥብቃ ስትቃወም ስለኖረች ብዙ ፖላንዳውያን ውሳኔውን ከቀኑ ነጥለው ሊያዩት አልቻሉም። ስለዚህ ከዘንድሮው ዓመት ላይ የድርጊቱን ዓመት ቀንሱ፤ ውጤቱ 10፣ 25፣ 50፣ 70 ወይም 100 ከሆነ ቁስሉ ያን ቀን ጋዜጣ ላይ ነው።

«የሚጣራው የጉብኝትና የፊርማ ቀን ብቻ ነው።»
ከላይ ያለው እኮ መግለጫ እንጂ ጉብኝት አልነበረም።

«የጥንቱን ቀን ወደ ዛሬው አቆጣጠር መቀየር ነው፤ ሌላ ምን አለ?»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰርቦች ከኦቶማን ቱርኮች ጋር የተዋጉበት የኮሶቮ ጦርነት የተካሄደው በጁልያን (በጥንቱ የአውሮፓ) አቆጣጠር ጁን 15 ቀን 1389 ነው። በዚያ ዘመን የጁልያንና የዛሬው የግሪጎርያን አቆጣጠር ልዩነት 8 ቀን ስለነበር ስሌቱ ጁን 23 ይሰጣል። ሰርቦች ግን የሚያስቡት ዛሬ ባለው የ13 ቀን ልዩነት፣ ጁን 28 ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪው አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ገብተው የተገደሉትም በዚያው ቀን፣ በ1914 ነበር። የሚጠየቀው «መቼ ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ይታሰባል?» ነው። በሂጅራ አቆጣጠር የሚውሉ ቀናት ደግሞ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀደም ብለው ስለሚውሉ የአምናው ማጣሪያ ለዘንድሮ አይሠራም።

«ቢገጣጠምም ሰው በአጋጣሚ ነው ይላል።»
አይልም፤ ታሪክ ሌላ አስተምሮታል። የጀርመን ኢምፓየር ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ ላይ የታወጀው ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የተከፈተው ጃንዋሪ 18 ቀን 1919። የቬርሳይ ውል የተፈረመውም ከሳራዬቮው ግድያ 5 ዓመት በኋላ፣ ጁን 28 ነው።

«የራሳችን የታሪክ ባለሙያ ካየው በቂ ነው።»
እሱ የሚያውቀው በአብዛኛው የራሱን ወገን ታሪክ ነው። ከታሰበው ቀን በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ቀን ጨምራችሁ የአስተናጋጁንም የጎረቤቶቹንም ታሪክ እዩ። ከዚያ በኤምባሲው የሚሠሩ የአገሬው ተወላጆችን ጠይቁ። ለአስተናጋጁ ፕሮቶኮል ክፍል አንድ ሳይሆን ሦስት አማራጭ ቀን ላኩ፤ ምክንያቱን ሳይገልጽ አንዱን ከሰረዘ አትከራከሩ።