ትልቅ ግንባታና የሚያመጣው ትራፊክ፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዴት ያየዋል?

ትልቅ የመኖሪያ መንደር፣ ሞል ወይም ስታዲየም ሊሠራ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይደረግበታል። አሜሪካ ይህን የሚያዘውን ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት የራሷን ሕግ አወጣች። ከግምገማው ክፍሎች ብዙ ክርክር ከሚያስነሡት አንዱ የትራፊክ ጥናቱ ነው።

የጥናቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ባለሙያዎች በአካባቢው መስቀለኛ መንገዶች ላይ ጠዋትና ማታ፣ መኪና በሚበዛበት ሰዓት ይቆጥራሉ። ከዚያ ግንባታው ስንት የመኪና ጉዞ እንደሚጨምር ይገምታሉ። መነሻቸው ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ የተደረጉ ቆጠራዎች ናቸው። ከግምቱ ላይ የሚቀነስም አለ። ከፎቅ ወርዶ ከሥር ካለው ሱቅ የሚገዛ ሰው መኪና አያስነሳም። በመጨረሻ ሁለት ነገር ይነጻጸራል፦ ከዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱ ባይኖር የሚኖረው ትራፊክ፣ ቢኖርስ የሚኖረው። ልዩነቱ የፕሮጀክቱ ዕዳ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ምን ይለካ የሚለው ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሲለካ የኖረው የሹፌሩ መዘግየት ነው። መንገድ ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጠዋል። የትራፊክ መብራት ባለበት መስቀለኛ መንገድ አንድ መኪና በአማካይ ከ10 ሰከንድ በላይ ካልዘገየ ኤ ነው፤ ከ80 ሰከንድ ካለፈ ኤፍ።

መሀል ከተማ ያለ አንድ መስቀለኛ መንገድ እንውሰድ። መዘግየቱ ቀድሞውኑ 78 ሰከንድ ደርሷል። አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ የሚሠራ አፓርታማ 4 ሰከንድ ቢጨምርበት ወደ ኤፍ ይወርድና ጥፋቱ ሁሉ በአፓርታማው ይላከካል። ያው አፓርታማ ከከተማ ውጭ ባዶ ሜዳ ላይ ቢሠራ ውጤቱ ኤ ሊሆን ይችላል፤ ነዋሪው ግን ዳቦ ለመግዛትም መኪና ያስነሳል። ለአካባቢ ተብሎ የወጣ ሕግ ሰውን ከከተማ ዳር እየገፋ መኪና ሲያስነዳው ኖረ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ይህን ለወጠችው። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ ግዛቱ መዘግየት ብቻውን የአካባቢ ጉዳት መባሉ ቀረ። አሁን የሚለካው ፕሮጀክቱ ሰዎችን ምን ያህል ርቀት በመኪና እንደሚያስነዳ ነው።

መለኪያው ሲለወጥ መፍትሔውም ይለወጣል። መዘግየት ሲለካ መልሱ መንገድ ማስፋት፣ የመታጠፊያ መስመር መጨመር፣ መብራት መትከል ነበር። የሰፋ መንገድ ደግሞ ሌላ መኪና ይጠራል፤ እግረኛውም የሚሻገረው አስፋልት ይረዝምበታል። ርቀት ሲለካ ግን ፓርኪንግ መቀነስ፣ ፓርኪንጉን ከቤቱ ለይቶ መሸጥ፣ ለነዋሪው የአውቶቡስ ክፍያ መሸፈን፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ማገናኘት ይመጣል። በግንባታው ወቅት የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም መዘንጋት የለባቸውም። በየት በኩል ያልፋሉ? ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓትስ?

ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ብቻውን ዋጋ የለውም። መፍትሔውን ማን ይሠራዋል፣ በማን ገንዘብ፣ ሕንፃው ሰው ሳይገባበት ነው ወይስ ከገባበት በኋላ? ይህ በፈቃዱ ውስጥ በግልጽ መታሰር አለበት። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በካሊፎርኒያ ያለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሳንታ ክላራ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2000 የማስፋፊያ ፈቃድ ሲሰጠው፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመላለሰው መኪና ከነበረው እንዳይጨምር ግዴታ ጣለበት። በግቢው መግቢያዎች ላይ በየዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ነጻ አውቶቡስ ያሠማራል፣ መኪና ይዘው ለማይመጡም ማበረታቻ ይሰጣል። ቆጠራው ከተፈቀደው ካለፈ የመስቀለኛ መንገዶቹን ማሻሻያ ወጪ መሸፈን ይመጣበታል።