ሳይታወቀን የምናደርገው የዘር አድልዎ ምን ማለት ነው?

«እኔ ዘረኛ አይደለሁም» የሚል ሰው ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ እያደላም ሊሆን ይችላል። ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። ዘረኝነት ሲባል ጥላቻ ብቻ ይመስለናል። ይሄኛው ግን ጥላቻ አያስፈልገውም፤ አእምሮ ከለመደው ተነስቶ፣ እኛ ሳናስብበት ቀድሞ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች የፈጠራ ሲቪ ልከው ነበር። የነጭ የሚመስል ስም ያለባቸው፣ የጥቁር የሚመስል ስም ካለባቸው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። ቀጣሪዎቹ ሁሉ ሆን ብለው ያደረጉት አይመስለኝም።

በራስ ላይ እንዴት ይታያል? «ልቤ ንጹሕ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይረዳም፤ ልብ ለባለቤቱ ያደላል። እጅን ማየት ይሻላል። አሳንሰር ውስጥ ጥቁር ወጣት ሲገባ ቦርሳህን ጠበቅ አደረግህ? ነጭ ጋዋን የለበሰችውን ጥቁር ሴት «ሲስተር» ብለህ ጠራሃት፣ ሐኪሟ ራሷ ሆና ተገኘች? ያን ጊዜ ለማስተባበል ከመቸኮልህ በፊት፣ በቦታው ሌላ መልክ ያለው ሰው አስቀምጠህ ነገሩን እንደገና አስበው።