ሦስተኛ እጅ ጭስ ምንድን ነው?

አጎቴ ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለች ኮሮላ ገዛ። ያያት ጠዋት ነው፣ ብርዱ ያው የደብረ ብርሃን ብርድ። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ መስተዋቷ ላይ የሎሚ ሽታ ያለው ካርቶን ተንጠልጥሎባታል። ደላላው «ባለቤቱ ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም» ብሎ ማለ። በሳምንቱ ጋሼ ቤተሰቡን ጭኖ ጣርማ በርን አለፈ፣ ደብረ ሲናን ወረደ። ሸዋ ሮቢት ሲገባ ጉዱ ወጣ። ደወለልኝና «እዚህ መኪና ውስጥ ተደብቆ የሚያጨስ ሰው አለ» አለኝ።

ተደብቆ የሚያጨሰው ነገር ስም አለው፤ ሦስተኛ እጅ ጭስ ይባላል። የመጀመሪያው አጫሹ ራሱ የሚስበው ነው። ሁለተኛው አጠገቡ ያለ ሰው የሚተነፍሰው። ሦስተኛው ደግሞ ጭሱ ከጠፋ በኋላ ዕቃው ላይ ተለጥፎ የሚቀረው። ስያሜው በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ጠላ ለሚጠምቅ ቤት ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጋን በወይራ ሲታጠን ጭሱ በኖ ይሄዳል፤ መዓዛው ግን ሸክላው ውስጥ ይቀርና ከጠላው ጋር ይመጣል። ሲጋራም መኪናን እንዲሁ ያጥናታል። የሚተወው ግን ኒኮቲንና የሚያጣብቅ ቡናማ ቅባት ነው። ይህ ጨርቁና ስፖንጁ ውስጥ ይሰርጋል። ሲቀዘቅዝ ያደፍጣል፣ ሲሞቅ ተነስቶ አየር ውስጥ ይገባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። መኪናዋ ያው መኪና ናት፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው።

ጣጣው ሽታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አሜሪካ ያለው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕቃ ላይ የቀረ ኒኮቲን አየር ውስጥ ካለ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካንሰር የሚያመጡ ናይትሮሳሚኖች እንደሚፈጠሩ አሳይተዋል። የአንድ አጫሽ መኪና ውስጥም አግኝተዋቸዋል። ወንበሩን ዳስሶ ጣቱን የሚጠባ ሕፃን ከትልቅ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው ዕጣን ማጨስ ነው። በጭስ ላይ ጭስ! ሽቶም፣ የተቆላ ቡናም እንደዚያው ነው፤ ለጥቂት ቀን ይሸፍናል እንጂ ቅባቱን አያነሳም። ቅባት የሚለቀው ሲታጠብ ነው።

እዚህ ላይ አቼቶ ውለታ ይውላል። ኒኮቲን የአሲድ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ አሲድ ሲያገኘው ወደ ጨውነት ተለውጦ መብነኑን ይተውና በውሃ ይወጣል። አቼቶ በውሃ አቅጥኖ መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን ፕላስቲክ ማበስ ነው። ጨርቁ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ያኔ ታምናለህ። ብቻ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅለው፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ወንበሩንና ምንጣፉን በሳሙና አሽቶ፣ ውሃውን በማሽን አስመጥጦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደር ትንሽ ያግዛል፤ ተአምር ግን አይሠራም።

ላቫጆ ወስደህ ብታሳጥብ እንኳ የሚረሱ ቦታዎች አሉ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበህ እጠበው፤ ተጠቅልሎ የተደበቀው ክፍል ጭስ ጠጥቷል። የኤሲውን አየር ማጣሪያ ቀይረው፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ካለው ሳጥን ኋላ ይገኛል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ጣራው ነው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ብዙውን የሚጠጣው እሱ ነው፤ ጨርቁ ግን በማጣበቂያ ስለተያያዘ ውሃ ከበዛበት ተላቆ ይንጠለጠላል። በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ደጋግሞ ማበስ እንጂ ማራስ አይሆንም።

ገና ለመግዛት ከሆነ ደጋ ላይ በጠዋት አትሽተት። መስኮቱን ዘግተህ ቀትር ፀሐይ ላይ አቁማት፣ ማሞቂያውን እስከ ጫፍ ልቀቀው፣ ከዚያ በሩን ከፍተህ አፍንጫህን አስገባ።

ጋሼ ከጣራው በቀር ሁሉንም አድርጓል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ አሁንም ጥቂት ይሸታል፣ እሱ ግን «የኔ አፍንጫ ነው» ይላል።